የባትሪው ኪሳራ የሚወጣው ከቢል ነው ወይስ ከሰዓት?

ባትሪ ሻጩ "ብቃቱ 94 በመቶ ነው" ይላችኋል፤ ካስገባችሁበት ኃይል 94 በመቶውን መልሶ ይሰጣል ማለቱ ነው። የባትሪው ወረቀትም ያንኑ ይላል። የባትሪውን ሥራ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሰላው የሲሙሌሽን ሶፍትዌርም አንዲት ባዶ ሳጥን ከፍቶ ያንኑ ቁጥር ይጠብቃል። አብዛኛው ሰው ቁጥሩን ጽፎ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። እኔ ግን ይቺ ሳጥን ዝም ብላ የምትታለፍ አይመስለኝም። መብራት በሄደ ቀን ስንት ሰዓት እንደምትሰሩ የምትወስነው እሷ ናት።

ሥራዬ የሶላርና የባትሪ ዲዛይን ነው። ትምህርቴን አምስት ኪሎ ጨርሼ፣ ቢሮዬም ከዚያ ብዙ አልራቀም፣ አራት ኪሎ ነው። ደንበኞቼን በእግሬ እደርስባቸዋለሁ። ስድስት ኪሎ የጥርስ ክሊኒክ አለ፣ ፒያሳ ማተሚያ ቤት አለ፣ ሜክሲኮ ደግሞ የሂሳብ ባለሙያዎች ቢሮ አለ። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "መብራት ሲሄድ ስንት ሰዓት ያቆየኛል?"

"ግድቡ አልቆ አሁን የምን ባትሪ ነው?" የሚሉኝም አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ ደስም ይላል። ግን የሰፈር መብራት የሚሄደው ማመንጫ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ዝናብና ነፋስ መስመር ይጥላል። መንገድ ሲቆፈር ኬብል ይነካል። የጥርስ ሐኪም ደግሞ የታካሚ አፍ ክፍት አድርጎ "ይመጣል" ብሎ መጠበቅ አይችልም።

ነገሩን በጥርስ ክሊኒኩ ላስረዳ፣ ቁጥሮቹ ጥሩ ስለሆኑ።

ክሊኒኩ ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች አሉት። እያንዳንዱ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 10.24 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛሉ። አምራቹ ከ90 በመቶ በላይ አታውጡ ስለሚል የሚሠራበት 9.2 ያህል ነው። ክሊኒኩ ሥራ ላይ ሲሆን በአማካይ 1.5 ኪሎዋት ይጎትታል፦ ወንበሩ፣ ኮምፕረሰሩ፣ የዕቃ ማፍያው (የሕክምና መሣሪያውን ከጀርም የሚያጸዳው)፣ መብራቱ፣ ኮምፒውተሩ።

ዶክተሯ ሲገዙ "6 ሰዓት ይሠራል" ተብለዋል። አንድ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው እስከ 9 ሰዓት መድረስ ነበረበት። 8 ሰዓት ከሩብ እንዳለፈ ሁሉም ነገር ጠፋ።

"ልጄ፣ ይሄ ባትሪ አርጅቷል መሰለኝ" አሉኝ። "ገና ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሻጩን ስጠይቀው ሦስተኛ ባትሪ ጨምሪ አለኝ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ዶክተር፣ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጊዜ ልለካው" አልኳቸው።

ለካሁት። ባትሪው ምንም አልሆነም። የተሳሳተው የ6 ሰዓቱ ሂሳብ ነበር።

የሻጩን ሂሳብ ወደ ኋላ ተከትዬ ደረስኩበት። 94 በመቶው የደርሶ መልስ ብቃት ነው። መቶ ስታስገቡ 94 ታወጣላችሁ ማለት ነው፣ መግቢያውም መውጫውም ተደምሮ። የወረቀቱ ቁጥር ግን የተለካው ባትሪው ጫፍ ላይ፣ ሁለቱ ወፍራም ሽቦዎች የሚታሰሩበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ቦታ ያለው ዲሲ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኮረንት። ክሊኒኩ የሚጠቀመው ኤሲ ነው፣ ከግድግዳው ሶኬት እንደሚመጣው አቅጣጫውን የሚቀያይር። በመሃል ዲሲውን ወደ ኤሲ የሚለውጥ ኢንቨርተር አለ። ሻጩ የ94ቱን ኪሳራ እኩል አካፍሎ ለመግቢያ 97፣ ለመውጫ 97 ሰጠው (0.97 በ0.97 ሲባዛ 0.94 ነው)፤ ኢንቨርተሩን ግን ያለ ኪሳራ አሳለፈው። 9.2 በ0.97 ተባዝቶ ለ1.5 ሲካፈል 6 ሰዓት ያህል ይሰጣል። ስድስቷ ሰዓት የመጣችው ከዚህ ነው።

አሁን ኢንቨርተሩን እናስገባው። የዚህኛው ብቃት 92 በመቶ ነው። በዚያ ላይ ምንም ባይጫንበት እንኳ ለራሱ 60 ዋት ይበላል። ስለዚህ ክሊኒኩ 1.5 ኪሎዋት ሲጠቀም፣ የባትሪው የመውጫ 97ም ተቆጥሮ፣ ከባትሪው ሆድ የሚወጣው 1.74 ነው። 9.2ን ለ1.74 ካካፈልነው 5 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ያህል። ዶክተሯ በሰዓታቸው ያዩት ይኼንኑ ነው።

መልሶ መሙላቱ ደግሞ ሌላ ነው። ቻርጀሩ 93 በመቶ፣ የባትሪው መግቢያ 97 በመቶ። 9.2 ለመሙላት ከግድግዳው ሶኬት 10.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ለወንበሩና ለኮምፕረሰሩ የደረሰው 7.9 ነው። ከሶኬት እስከ ሶኬት ሲቆጠር 78 በመቶ። ወረቀቱ 94 ይላል፣ ኑሮው 78 ይላል። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። የተለኩበት ቦታ ነው የሚለያየው።

እኔ በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የማምንበት ነገር አለ። የመግቢያው ኪሳራና የመውጫው ኪሳራ አንድ ዓይነት ኪሳራ አይደሉም። በመግቢያ የሚባክነው ከቢል ላይ ነው የሚወጣው። መብራት አለ፣ ቻርጀሩ ትንሽ ይሞቃል፣ በወሩ መጨረሻ ጥቂት ብር ትጨምራላችሁ። በመውጫ የሚባክነው ግን ከሰዓት ላይ ነው የሚወጣው። በዚያ ሰዓት መብራት የለም። የባከነውን የሚተካ ምንም ነገር የለም። ለዶክተሯ የመጀመሪያው ትንሽ ወጪ ነው፤ ሁለተኛው ግን ቀጠሮ የያዘ ታካሚ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ሲያጠቃልላቸው እኔ ለይቼ አያቸዋለሁ።

ሶፍትዌሮቹ ነገሩን የሚይዙበት መንገድ ይለያያል። ሆመር አንድ የደርሶ መልስ ቁጥር ብቻ ይጠይቃል፤ ከዚያ ራሱ ካሬ ሩቱን አውጥቶ ለመግቢያና ለመውጫ እኩል ያካፍላል። ኢንቨርተሩንና ሬክቲፋየሩን (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጠውን) ደግሞ በሌላ ገጽ ለብቻቸው ይጠይቃል። ኢነርጂፕላስ ቀላል በሚባለው የባትሪ ሞዴሉ ውስጥ ሁለት ሳጥን ይሰጣል፣ አንዱ ለመሙያ አንዱ ለማውጫ። ፓይፕሳ የሚባለው በፓይተን የሚሠራ ነጻ መሣሪያም ሁለቱን ለያይቶ፣ በተጨማሪ ባትሪው ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያጣውን ይጠይቃል። ፓይፕሳን ለምትጠቀሙ ወጣቶች አንድ ነገር ልበል። ሳጥኖቹን ባዶ ከተዋችኋቸው ሁለቱም ብቃቶች 1፣ የቁም ኪሳራው 0 ነው የሚሆነው። ማለትም ምንም የማያባክን ባትሪ ይዛችሁ ነው የምታሰሉት። ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ አይጮህም። ውጤቱ ያምራል፣ ግራፉም ያምራል።

እኩል ማካፈሉ ለሊቲየም ብዙ አይጎዳም። 97 እና 97 ቢሆን፣ 96 እና 98 ቢሆን ልዩነቱ የደቂቃዎች ነው። ጉዱ የሚታየው በሊድ አሲድ ነው፣ መኪና ውስጥ እንዳለው ባትሪ ዓይነት። ሊድ አሲድ ደግሞ ዋጋው ስለሚቀል አሁንም ከመርካቶ በብዛት ይገዛል፣ አሁንም በየቢሮው ደረጃ ሥር ተደርድሮ ይገኛል።

አራት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪዎች እንውሰድ። 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናሉ። ዕድሜያቸው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ እንጠቀም፣ 4.8። የደርሶ መልሱ ብቃት 80 በመቶ ነው እንበል፤ ለሊድ አሲድ የተለመደ ቁጥር ነው። ጭነቱ 600 ዋት ይሁን። ኢንቨርተሩን ለጊዜው እንርሳው። ኪሳራውን በሙሉ መግቢያ ላይ ካደረግነው ባትሪው 8 ሰዓት ይሠራል። እኩል ካካፈልነው፣ ማለትም 89.4 እና 89.4፣ 7 ሰዓት ከ9 ደቂቃ። በሙሉ መውጫ ላይ ካደረግነው 6 ሰዓት ከ24 ደቂቃ። ሦስቱም ጋ የደርሶ መልሱ ብቃት ያው 80 ነው። ሰዓቱ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተለያየ።

ታዲያ የትኛው ነው ትክክል?

ወደ ባትሪው ሆድ መግባት ያስፈልጋል። ሊድ አሲድ ሁለት ቦታ ያባክናል። አንደኛው የቮልቴጅ ነው። በ14 ቮልት አካባቢ እየገባ በ12 ቮልት አካባቢ ይወጣል። ሁለተኛው ደግሞ የገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ አለመቀመጡ ነው። ባትሪው ሊሞላ ሲል ከሚገባው የተወሰነው ውኃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መበጠስ ላይ ይውላል። ባትሪው ላይ ውኃ ጨምሩ የሚባለውም ከዚህ የተነሳ ነው። ይኼ ሁለተኛው ኪሳራ ሙሉ በሙሉ የመግቢያ ነው።

የወረቀቱን 200 አምፒር ሰዓት ደግሞ ተመልከቱ። ፋብሪካው ያንን ቁጥር ያገኘው ባትሪውን ሞልቶ፣ በዝግታ፣ ብዙ ጊዜ በ20 ሰዓት አውጥቶ፣ የወጣውን ለክቶ ነው። የተለካው የወጣው ነው። ስለዚህ በዝግታ ሲወጣ የሚባክነው ቀድሞውኑ ተቀንሷል። በወረቀቱ አቅም ላይ ተነስቶ እንደገና የመውጫ 89.4 ማባዛት፣ አንድን ኪሳራ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ለዝግተኛ ጭነት ኪሳራውን በአብዛኛው ወደ መግቢያው ማድረግ ለእውነቱ ይቀርባል። ጭነቱ ከባድ ሆኖ ባትሪው በሁለትና ሦስት ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ወረቀቱ ላይ ያለው አቅም ራሱ አይገኝም። ይህን ፖይከርት የተባለ ጀርመናዊ በፈረንጆቹ 1897 አስልቶ አስቀምጦታል።

ለዚህ ነው "አቅሙ ስንት ነው?" የሚለው ጥያቄና "ብቃቱ ስንት ነው?" የሚለው ጥያቄ ተነጣጥለው መጠየቅ የሌለባቸው። በባትሪው ሆድ ያለውን ከቆጠራችሁ የመውጫውን ኪሳራ ቀንሱ። ከባትሪው የሚወጣውን ከቆጠራችሁ አትቀንሱ። ሁለቱም አቆጣጠር ይሠራል። አቅሙን ከአንዱ፣ ብቃቱን ከሌላው መውሰድ ነው የሚያበላሸው።

የሊድ አሲድ ባለቤቶች አንድ ሌላ ነገር ይነግሩኛል። "ጠፋ፣ ሞተ አልን፤ ግማሽ ሰዓት አርፎ እንደገና ተነሳ።" እውነታቸውን ነው። በፈረንጆቹ 1993 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ማንዌልና ማክጎዋን ያወጡት ሞዴል ይህንን ያስረዳል፣ ሆመርም የሚጠቀመው እሱን ነው። ባትሪውን በቀጭን ቧንቧ እንደተያያዙ ሁለት ጋኖች አድርጎ ያየዋል። የምንቀዳው ከአንደኛው ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ ከቀዳን አንደኛው ይደርቃል፣ ሁለተኛው ውስጥ ግን ገና አለ። ስናርፍ ወደ አንደኛው ይንቆረቆራል። ይህ ኪሳራ አይደለም፣ ያልደረሰ ኃይል ነው። ብቃቱን ዝቅ አድርጎ ይህንን ለመወከል መሞከር ሂሳቡን ያዛባዋል።

ወደ እኛ ከተማ ስንመጣ ደግሞ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች የተሠሩት ባትሪው በየቀኑ ተሞልቶ በየቀኑ እንደሚወጣ ታስቦ ነው። ቀን በፀሐይ መሙላት፣ ማታ መጠቀም። ገጠር ያለ የሶላር ጣቢያ እንደዚያ ነው። አዲስ አበባ መሃል ያለ ባትሪ ግን እንደዚያ አይደለም። ሞልቶ ይጠብቃል። መብራት ለአንድ ሰዓት ይሄዳል፣ ትንሽ ይወጣለታል፣ መብራት ይመጣል፣ ትንሹ ተመልሶ ይሞላል።

ይህ ልማድ ለሊድ አሲድ ክፉ ነው። ሁልጊዜ የሚሞላው የመጨረሻው ጫፍ ላይ ነው፣ ያ ጋዝ የሚበዛበት ቦታ ላይ። የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ባደረገው ልኬት፣ ሊድ አሲድ ሊሞላ ሲቃረብ ከሚገባው ግማሹ እንኳ የማይቀመጥበት ጊዜ እንዳለ አሳይቷል። ከታች ሲሞላ ግን ከ90 በመቶ በላይ ይቀመጣል። አማካዩን 80 ብለን ሶፍትዌሩ ላይ ስንጽፍ ከታች እስከ ላይ የሚሞላ ባትሪ እያሰብን ነው። ፒያሳ ደረጃ ሥር ያለው ባትሪ ታችኛውን ጥሩውን ክፍል ጭራሽ አያየውም።

ለሊቲየም ደግሞ የሚያሳስበው ሌላ ነው፣ ያ 60 ዋት። እስቲ ለክሊኒኩ በወር እናስላው። ባትሪው በሳምንት ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ እንኳ፣ በእያንዳንዱ ዙር የሚባክነው 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 20 ያህል። ኢንቨርተሩ ቀንም ሌሊትም በርቶ ለራሱ የሚበላው ግን በቀን 1.44፣ በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በደርሶ መልስ ብቃት ላይ 94 ነው 95 ነው እያልን ስንከራከር፣ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚሆነው በሌላ በር እየወጣ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሶፍትዌሩ ላይ አይጽፈውም። ወረቀቱም ላይ ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ነው ያለው።

ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ቢሮው ተዘግቶ ዋይፋዩና የኮሪደሩ አንድ አምፖል ብቻ ሲቀሩ ጭነቱ 40 ዋት ነው። ኢንቨርተሩ ለራሱ 60 ይበላል። ከባትሪው መቶ ወጥቶ 40 ደረሰ ማለት ነው። 92 በመቶ የተባለው ኢንቨርተር በዚያ ሰዓት 40 በመቶ ነው። ሙሉ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ካደረ ጠዋት ባትሪው ለምን እንደሳሳ የሚገርማቸው ሰዎች አሉ። ማንም አልሰረቀም፤ ኢንቨርተሩ ነው የበላው።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ "ምጣድ ይችላል?" የሚለው ጥያቄ አለ። የጠየቀኝ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ኢንቨርተሩ ይችላል ወይ በሚለው ነው። ቢችልም እንኳ ሂሳቡ ሌላ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል። በባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኮረንቱ ሲያልፍ በሚገጥመው እንቅፋት፣ እና በሽቦው የሚባክነው በኮረንቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ኮረንቱ እጥፍ ሲሆን በሙቀት የሚባክነው ዋት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በመቶኛ ካየነው ኪሳራው እጥፍ ይሆናል። በ1.5 ኪሎዋት 97 የነበረው መውጫ በ3 ኪሎዋት 94 አካባቢ ይወርዳል። አንድ ቋሚ ቁጥር የሚቀበል ሶፍትዌር ይህንን አያየውም። እንደ ፒቪሲስት ያሉት የባትሪውን ቮልቴጅና የውስጥ ሬዚስታንስ ስለሚያሰሉ ያዩታል። ለቢሮና ለክሊኒክ ቋሚው ቁጥር ይበቃል ባይ ነኝ፤ ምጣድና የውኃ ፓምፕ ላለበት ቤት ግን አይበቃም።

አዲስ አበባ ላይ ማንም ሲያነሳው የማልሰማው ነገር ደግሞ ከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት በደንብ አይወስድም። ብዙ የኢንቨርተር ወረቀቶች ከ1,000 ወይም ከ2,000 ሜትር በላይ አቅሙን ቀንሱ ይላሉ። አምራቹ በባሕር ዳርቻ ከተማ የለካውን ይዘን አራት ኪሎ ላይ መትከል ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅዝቃዜያችን ለሊቲየም ችግር የለውም፤ ለሊድ አሲድ ግን አቅሙ የሚለካው በ25 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በክረምት ጠዋት ጥቂት ይጎድላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ያዘጋጀው ሪፖርት እጄ ገባ። ከሶኬት እስከ ሶኬት የተለካውን 78 በመቶ የባትሪው ሳጥን ውስጥ ጽፈውታል። ቀጥለው ኢንቨርተሩ ገጽ ላይ 92፣ ቻርጀሩ ላይ 93 አስገብተዋል። 78ቱ ውስጥ ግን 92ቱም 93ቱም አሉ። ሲባዛ 67 በመቶ ይወጣል። በቀን 8 ኪሎዋት ሰዓት ለሚፈልግ ደንበኛ 10.3 የሚበቃውን 12 አደረጉት። ልዩነቱ 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያንን ለመሸፈን ለአንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል የቀረበ ወጪ ነው ደንበኛው ላይ የተጫነው። ደንበኛው ይህን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ከፍሎ ይሄዳል። ስለዚህ ነው እኛ መጠንቀቅ ያለብን።

ሶፍትዌር ለሚጽፉት ደግሞ አንድ ነገር። ባትሪ መቼ ይሞላ፣ መቼ ይውጣ የሚለውን ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲመርጥ ካደረጋችሁ፣ ብቃቱ 100 በሆነ ጊዜ ባትሪው በአንድ ሰዓት ውስጥ እየሞላም እየወጣም ታገኙታላችሁ። ዋጋ ስለማያስከፍለው ነው። ኪሳራ ስታስገቡ በአብዛኛው ይተወዋል። የፀሐዩ ኃይል ተርፎ የሚጣልበት ቦታ ከሌለው ግን እንደገና ይጀምራል፤ ያኔ ደግሞ ሆን ብሎ ለማባከን ነው፣ እየሞላ እያወጣ ትርፉን በኪሳራ ያቃጥለዋል። እውነተኛ ባትሪ እንዲህ አያደርግም። ትርፍ ኃይል መጣያ ስጡት፣ ወይም ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚከለክል ገደብ ጨምሩ።

ቁጥሩን ከየት ላምጣ ለምትሉ፣ እኔ ወረቀቱን አንብቤ አላበቃም፣ እለካለሁ። ሶኬቱ ላይ የኪሎዋት ሰዓት መለኪያ እሰካለሁ፣ የኢንቨርተሩ መውጫ ላይ ሌላ፣ የባትሪው ሽቦ ላይ ደግሞ የዲሲ መለኪያ። ባትሪውን ጢም አድርጌ እሞላና መለኪያዎቹን ዜሮ አደርጋለሁ። በታወቀ ጭነት እስከሚቋረጥ አወጣዋለሁ። ከዚያ እዚያው ድረስ፣ ቻርጀሩ ራሱ "ሞላ" ብሎ እስኪያቆም፣ መልሼ እሞላዋለሁ። ወሳኙ የተነሳሁበት ቦታ ላይ መመለስ ነው። ካልተመለስኩ የማወዳድረው ያልሞላን ከሞላ ጋር ነው። ይህንን በከባድና በቀላል ጭነት ሳደርግ የኢንቨርተሩ የራሱ ፍጆታም ተለይቶ ይወጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ግማሹን በቤታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ቆጣሪው የቆጠረውን መኪናው ገባልኝ ካለው ጋር አስተያዩት፣ ሁልጊዜ ቆጣሪው ይበልጣል።

ለዶክተሯ ሦስተኛ ባትሪ እንዳይገዙ ነገርኳቸው። በመብራት መጥፊያ ሰዓት ብዙ የሚጎትተው የዕቃ ማፍያው ነበር። ተጨማሪ የመሣሪያ ስብስብ ገዝተው፣ መብራት ባለበት ሰዓት ቀድመው እንዲያፈሉ ተስማማን። አማካይ ጭነቱ ከ1.5 ወደ 1.2 ኪሎዋት ወረደ። በዚያው ሂሳብ ስናሰላው 6 ሰዓት ተኩል ይሰጣል። ኢንቨርተሩንም ማታ ሲወጡ የሚያጠፉበት ማብሪያ ማጥፊያ አስገባንላቸው፤ ክትባትም ሆነ ሌላ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ነገር ስለሌላቸው ይቻላል።

"ታዲያ ሻጩ ለምን 6 አለኝ?" ብለው ጠየቁኝ።

"የባትሪውን ቁጥር ነው የነገረዎት ዶክተር፣ የክሊኒኩን አይደለም" አልኳቸው።

አሁን ሪፖርት ስሠራ ሁለት መስመር ለየብቻ እጽፋለሁ። አንዱ "ለመሙላት ከቆጣሪ የሚሄደው" ይላል፣ በኪሎዋት ሰዓትና በብር። ሌላው "መብራት ሲሄድ የሚቆየው" ይላል፣ በሰዓትና በደቂቃ፣ በስንት ዋት ጭነት እንደሆነ ጭምር። ከሥሩ እያንዳንዱ ብቃት የት ቦታ እንደተለካ እጠቅሳለሁ፦ ባትሪው ጫፍ ላይ ወይስ ሶኬቱ ላይ።

ያልጨረስኩት የእርጅናው ነገር ነው። ባትሪ ሲያረጅ አቅሙ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ የውስጥ ሬዚስታንሱም ይጨምራል፣ ከሱ ጋር የመውጫው ኪሳራ ያድጋል። ክሊኒኩ ያሉትን ሁለቱን ባትሪዎች በየዓመቱ መስከረም ላይ በዚያው ጭነት እንድለካቸው ዶክተሯ ፈቅደውልኛል።